ጭቃ በከፍተኛ ጥራት

ዓባይ ማዶ ከሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ስለ ውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ አብዝቶ የሚያውቀው ይትባረክ ነበር። ውኃ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። ተወልዶ ያደገው አዳማ ነው፤ ባሕር ዳር በሥራ ዝውውር መጥቶ እዚያው ቀረ፤ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አቡጀዲ በማጉያ መነጽር እያየ የተበጠሰች ክር ሲፈልግ ይውላል። ቤቱ ሲገባም ዓይኑ ከዚያ ልማድ አይወጣም። የመጋረጃውን ስፌት ይመረምራል፤ የሚስቱን የነጠላ ጥለት ይመረምራል፤ እንጀራው ላይ ሳይቀር ዓይን ያልወጣበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ሚስቱ ሩሐማ የባሕር ዳር ልጅ ናት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምትሠራ የሰው ሕመም ስትሰማ ትውላለች፤ የባሏንም ለመስማት ትዕግሥት አላነሳትም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ካፌ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ የባሕር ውስጥ ፊልም ያሳይ ነበር። ቀይና ሰማያዊ ዓሣዎች ወዲህ ወዲያ ይላሉ፤ ቅርፊታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀው ሰው፣ የእኛ ጣና ውስጥም እኮ ሌላ አገር የሌሉ ዓሣዎች አሉ፣ ግን ማን አነሣቸው አለና ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ምናልባት ሰውዬው ምን ጣጣ አስነሥቶ እንደሄደ እስከ ዛሬ አያውቅም። ይትባረክ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ዋለ እንጂ ጨርቅ አላየም። የጣናን ዓሣ ቅርፊቱ እስኪቆጠር አንሥቶ ለዓለም የሚያሳየው ሰው እሱ ራሱ እንደሆነ ወሰነ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ወርዶ ውኃውን ያይ ነበር። ይትባረክ ካሜራ መምረጥ ጀመረ።

ምርጫው ዓመታት ፈጀ። ሁለት ካሜራዎች ልቡን ከሁለት ከፈሉት። አንደኛው የሚቀርጻቸው ነጥቦች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ፎቶው ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ቢታተም እንኳ አይደበዝዝም። ሁለተኛው ነጥቡ ያንሳል፣ ነገር ግን በደካማ ብርሃን ያያል። ይትባረክ ሰኞ ሰኞ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ልቡ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱንም ትቶ ስለ ሌንስ ያስባል። ካሜራው ውኃ እንዳይገባው የሚቀመጥበት ወፍራም ሣጥን ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጭንቀት ነበር። ለመወሰን በተቃረበ ቁጥር ፋብሪካዎቹ አዲስ ካሜራ ያወጣሉ፤ እሱም እፎይ ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኢንተርኔት ጠፍቶ በነበረባቸው ወራት እንኳ አላረፈም። ቀድሞ ያወረዳቸውን የባለሙያ ቪዲዮዎች እየደጋገመ ከማየቱ የተነሣ ሰዎቹን እንደ ዘመድ በስማቸው ይጠራቸው ነበር።

ዝናውም ወጣ። ካሜራ መግዛት የፈለገ ሁሉ እሱ ዘንድ ይላካል። አንድ ጊዜ ለሠርጉ ፎቶ አንሺ የሚመርጥ ሙሽራ ምክር ሊጠይቀው መጣ። ይትባረክ በመጀመሪያ ያቀረበለት ጥያቄ፣ ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው የምትነሡት የሚል ነበር። ሙሽራው ሠርጉ በየብስ መሆኑን ሲነግረው ይትባረክ ቅር አለው፤ ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል አስረዳው። የይትባረክና የሩሐማ ልጅ ጸሎት በዚህ መካከል ተወልዳ፣ ድክ ድክ ብላ፣ ትምህርት ቤት ገባች። አባቷ የረባ ካሜራ እስኪገኝ ብሎ አንድም ቀን ስላላነሣት፣ የልጅነት ፎቶዋ ጎረቤት በስልክ ያነሣት ብቻ ነው፤ በእሱም ላይ ግማሽ ፊቷ የለም።

ምክሩን ያለመሰልቸት የሚሰማው ካሊድ ነበር። ካሊድ ከገበያው አጠገብ የስልክና የቴሌቪዥን ሱቅ አለው፤ አጎቱ ዱባይ እየተመላለሰ ዕቃ ያመጣለታል። ነጋዴ ስለሆነ የማይገዛ ደንበኛም ቢሆን አያባርርም። አንድ ቀን ግን እንደ ዋዛ ጠየቀው።

«ይትባረክ ወንድሜ፣ ለመሆኑ ጣና ውስጥ ምን ያህል ርቀት ይታያል?»

«እሱ የውኃው ጉዳይ ነው» አለ ይትባረክ። «እኔ የማወራህ ስለ ካሜራው ነው።»

በመጨረሻ ምርጫውን የገላገለችው ሩሐማ ናት። ሳሎኑን ለማደስ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ፣ ለባሏ ሳትነግር ካሊድ ሱቅ ገባችና ያ ነጥቡ የበዛው፣ ትልቁ፣ ከነሣጥኑና ከነፍላሹ እንዲመጣላት አዘዘች። ካሊድ ደንገጥ ብሎ፣ ባልሽ እኮ ሰሞኑን በጨለማ የሚያየው ይሻላል ማለት ጀምሯል አላት።

«ጨለማውን ለምጀዋለሁ» አለች ሩሐማ። «እኔ ደከምሁ። ይምጣና እንገላገል።»

ዕቃው መጣ። ይትባረክ ከሥራ ሲመለስ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አገኘው። ሩሐማ ደስታውን ለማየት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ያየችው ግን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት ነው። ተቀመጠ፤ ሣጥኑን ዳሰሰ፤ አመሰገናት። ትንሽ ቆይቶ፣ በመስከረም ሌላ ሊያወጡ ነው ይባል ነበር አለ። ያን ሳምንት ምግብ አልበላ ብሎት ሰነበተ። ስንት ዓመት ሲመርጥ የኖረ ሰው አሁን ፎቶ ማንሣት ሊኖርበት ነው።

ጥቂት ጊዜ በብልሃት ገፋው። መጀመሪያ ሣጥኑ ውኃ እንደማያስገባ መረጋገጥ አለበት ብሎ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ፈተነው። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ካሮትና ማንኪያ እየነከረ አነሣ። ካሮቱ እጅግ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ካሊድ ሱቅ ወስዶ በትልቁ ስክሪን አሳየ፤ ገበያተኛው ካሮት መሆኑን አይቶ አለፈ። ሩሐማ ግን ካሮት ለማየት ሳሎኗን አልሠዋችም። ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚያከራይ ሰው ራሷ አነጋገረች።

የጀልባው ባለቤት አያ ገድሉ ይባላሉ፤ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ በማመላለስ የኖሩ ሰው ናቸው። ካሜራውን ሲያዩ ኮታቸውን ደረቡና መሪውን ይዘው ወደ ጎን ዞር ብለው ቆሙ። እዚሁ ሐይቅ ዳር ተወለድሁ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ፈረንጅ ሳመላልስ አንድ የረባ ፎቶ የለኝም ብለው ቅሬታቸውን አሰሙ። ይትባረክ ካሜራው ለውኃ ውስጥ እንጂ ለሰው እንዳልተዘጋጀ አስረዳቸው። አያ ገድሉ ግን ኮታቸውን አላወለቁም።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ርብና ጉማራ ወንዞች የፎገራን አፈር ጠርገው ሐይቁ ውስጥ ይደፉበታል። ውኃው ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ይትባረክ የጎማ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ሁለት የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ለብሷል፤ አንዱ የአያ ገድሉ ነው። ሩሐማ ስለ ቢልሃርዚያ ስለነገረችው እጁን ደግሞ እስከ ክርኑ በላስቲክ ጠቅልሏል። ክብራን ደሴትን በሩቁ አልፈው ደንገል አጠገብ ሲቆሙ፣ በሁለት ሰደሪያ የተነፋ ሰው ከውኃ በታች ሊገባ እንደማይችል ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ስለዚህ ይትባረክ ከጀልባው ጠርዝ ላይ በሆዱ ተኛና እጁን ብቻ ከነካሜራው ውኃ ውስጥ ሰደደ። ሩሐማ ቀበቶውን ከኋላ ይዛዋለች።

ደጋግሞ አነሣ። አውጥቶ ሲያየው ቡናማ ነው። ቦታ ቀየሩ፤ እንደገና አነሣ፤ ቡናማ ነው። አጉልቶ አየው። ሲጎላም ቡናማ ነው። አያ ገድሉ በትከሻው ላይ ተንጠራርተው አይተው፣ ካሜራው ደህና ይሠራል፣ ውኃውን ቁጭ አድርጎታል አሉ።

«ቡናማው ግን ንጹሕ ነው» አለ ይትባረክ። «በሌላው ካሜራ ቢሆን ይደበዝዝ ነበር።»

ሩሐማ ቀበቶውን አልለቀቀችም። ብትለቀው ኖሮ የሚፈርድባት አልነበረም።

ያን ጊዜ ይትባረክ ራሱ ለስንቱ ሰው አታድርጉት እያለ ያስተማረውን ነገር አደረገ። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ፍላሽ ማብራት ዓሣውን ሳይሆን ጭቃውን ማብራት ነው፤ እያንዳንዷ የአፈር ቅንጣት ብርሃኑን ተቀብላ መልሳ ወደ ሌንሱ ትረጨዋለች። ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ባዶ እጁን መመለሱ ከበደው። በጀልባው ጥላ ሥር፣ ጨለም ወዳለው በኩል፣ ካሜራውን ሰዶ ፍላሹን ደጋግሞ አበራው። በመካከሉ ከባድ ነገር እጁን ገፍቶት አለፈ። ይትባረክ ጉማሬ ነው አለ። አያ ገድሉ ማስረጃ አልጠየቁም፤ ሞተሩን አስነሡት። ወደብ ሲደርሱ ጉማሬው ግልገል ይዞ እንደነበረ እሳቸው ለተሰበሰበው ሰው ይተርኩ ነበር።

በማግስቱ ይትባረክ ፎቶዎቹን ካሊድ ሱቅ ወስዶ በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ከፈታቸው። ቡናማ፣ ቡናማ፣ ቡናማ። ከዚያ ድንገት አንዱ ጥቁር ሆኖ መጣ፤ በጥቁሩ ላይ እልፍ አእላፍ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል፤ ትልልቅ አሉ፣ ደቃቅ አሉ፣ እንደ ዱቄት የተነሰነሱ አሉ። ከላይ በቀኝ ጥግ በኩል አንድ የሚያበራ ነገር ጅራቱን ዘርግቶ ይወጣል። ይትባረክ ፊቱ ደም መሰለ። ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ ከበስተጀርባው አንድ ድምፅ፣ ተው አትንካው አለ።

ድምፁ የአቶ ገብረ መስቀል ነበር። አቶ ገብረ መስቀል በእህል ንግድ የከበሩ ሰው ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ሆቴል እያስጨረሱ ስለነበር ለየክፍሉ የሚሆን ቴሌቪዥን ሊያዩ መጥተዋል። መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ፤ ቀጥሎ ደግሞ እንደ ሥዕል አዋቂ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቁ።

«የት ነው የተነሣው?» አሉ።

«ጣና ላይ ነው፣ ግን—»

«አወቅሁት። ይህ ሰማይ ሌላ የትም የለም።»

ይትባረክ ሐሰተኛ ሰው አይደለም። ይህ ሊነገርለት ይገባል። ሰማይ እንዳልሆነ፣ ውኃ ውስጥ የተነሣ መሆኑን በግልጽ ነገራቸው። አቶ ገብረ መስቀል ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ሰማዩ በውኃው ውስጥ ሲታይ መሆኑ ነው፣ ይህማ ይባስ ጥልቅ ነው አሉ። ይትባረክ ነጥቦቹ ከዋክብት ሳይሆኑ አፈር መሆናቸውን ጨመረ። ሁላችንም አፈር ነን አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የተማረ ሰው ትሑት ሲሆን ደስ እንደሚላቸውም ተናገሩ። ካሊድ ይህን ሁሉ ሰምቶ ፎቶውን የማሳተሙን ሥራ እሱ እንደሚይዘው አስታወቀ።

ሆቴሉ ሲመረቅ ፎቶው ከእንግዳ መቀበያው በስተጀርባ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሎ ነበር። ይትባረክ ለዓመታት ሽንጡን ገትሮ እንደተከራከረው ምንም አልደበዘዘም። ከአንድ ቢሮ የመጡ ኃላፊ በፎቶው ፊት ቆመው ረጅም ንግግር አደረጉ። አካባቢው እስካሁን ያልተነካ የሰማይ ሀብት እንዳለው፣ ይህንንም ሀብት ወደ ጥቅም ለመቀየር ጥናት ሊጀመር እንደሚገባ አሳሰቡ። ሁለት ሽማግሌዎች በቀኝ ጥግ ያለው ጅራታም ኮከብ መሆኑን ተስማምተው፣ የወጣው በየት በኩል እንደነበር ግን ተጣሉ። አንደኛው በዘጌ በኩል ነው ይላሉ፤ ሁለተኛው በይፋግ በኩል ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ ብለው ማሉ። በዚያ ዓመት ጤፍ እንዴት እንደነበረም አስታወሱ።

ከዚያ ይትባረክን አንድ ነገር እንዲናገር ጠሩት። ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ፎቶው ዞረ።

«ይህ ኮከብ አይደለም» አለ። «የአምባዛ ዓሣ ጅራት ነው። ነጭ ነጩ ሁሉ ጭቃ ነው። እኔ ዓሣውን ላነሣ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም።»

ኃላፊው ሳቁ፤ እሳቸው ስለሳቁ ሁሉም ሳቀ፤ ጭብጨባው ቀጠለ። አቶ ገብረ መስቀል ይትባረክን አቅፈው ለካሜራ ፈገግ አሉ፤ በጆሮውም፣ ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን ከእንግዲህ እንዳትደግመው አሉት።

ይትባረክ ወርዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የተናደደው ባለማመናቸው አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት የለፋው ሰው ቀርቦ እንዲያይ ነው፤ የጅራቱ ክንፍ ጅማት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ማንም ግን ከምግብ ጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ግድግዳው አልቀረበም። ሰው ከሩቅ አይቶ፣ ኮከብ ብሎ፣ ወደ ክትፎው ይመለሳል። ለዚህማ ርካሽ ካሜራም ይበቃ ነበር።

የቀረበችው ሩሐማ ብቻ ናት። ሳህኗን ይዛ፣ አፍንጫዋ ግድግዳውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ ቀኝ ጥጉን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ተመልሳም አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጅራቱ ላይ የተቀደደ ነገር አለ» አለችው። «መረብ ይዞት ያመለጠ ይመስለኛል።»

ይትባረክ እሱ ራሱ ያን ቅድ አላየውም ነበር። ተነሥቶ ሄዶ አየው። እውነቷን ነው፤ ከጫፉ ላይ እንደ ተበጠሰ ክር የምትንጠለጠል ቀጭን ቆዳ አለች። ያን ቀን ከሠርጋቸው ወዲህ ሆኖት የማያውቀውን ያህል ወደዳት፤ እንደ ልማዱም አልነገራት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይትባረክ ጨዋ ሰው ሆኖ በቀረ ነበር። አቶ ገብረ መስቀል ግን ለላይኛው ፎቅ አዳራሽ ሌላ ፎቶ ፈለጉ፤ አሁን ደግሞ ሙሉ ጨረቃ ያለበት። ይትባረክ እምቢ አለ። ለጥቂት ሳምንታትም በእምቢታው ጸና። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ውስጥ ስሙን የማያውቁ አለቆች በኮሪደር እያስቆሙ ይጨብጡት ጀመር። የባጃጅ ሹፌሮች፣ ኮከብ አንሺው ግባ ይሉታል። አንዲት የሥራ ባልደረባው የልጇ ኮከብ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችው። መጀመሪያ ላይ አላውቅም ይል ነበር፤ በኋላ ዝም ማለት ጀመረ፤ ከዚያ አንድ እሑድ ሩሐማ በመስኮት ስታይ፣ ግቢ ውስጥ ለአንድ ጎረቤት በእጁ ወደ ላይ እያመለከተ ሲያስረዳ አየችው። ያስረዳ የነበረው በጠራራ ፀሐይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ጨርቅ ላይ ጉድፍ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው፤ ሰው ሲያደንቀው ምን እንደሚመስል ገና አሁን ማወቁ ነበር።

በጥቅምት አያ ገድሉን ደውሎ ጠራቸው። እሳቸውም በዚህ ጊዜ ለቱሪስቶች ስለ ከዋክብት ገለጻ መስጠት ጀምረው ነበር። ሩሐማ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀችም፤ ይትባረክ ከኩሽና ነጩን የቆርቆሮ ሳህን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲያወጣ ስታይ ገባት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችው። በጀልባው ጥላ ሥር ሳህኑን በገመድ አስረው አወረዱት፤ ገመዱን የያዘችው እሷ ናት። ይትባረክ በሆዱ ተኝቶ ካሜራውን አስተካከለ።

«ሙሉዋን ነው ወይስ ግማሿን?» አለችው።

«ሙሉዋን ነው ያሉት» አለ ይትባረክ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

አያ ገድሉ፣ ጨረቃዋ ትንሽ ወደ ግራ ብትሆን ብለው አሳሰቡ። ሩሐማ ገመዱን ወደ ግራ ሳበችው።

ፎቶው በሰላም ወጣ፤ ሆኖም ካሜራው ነጥቡ የበዛ ስለሆነ ምንም ነገር አልደበቀም። የሳህኑ ቀለም የተላጠባቸው ጥቁር ጥቁር ቦታዎች፣ ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። ይትባረክ ሊያጠፋው አስቦ ነበር። ካሊድ ግን ሱቁ ውስጥ ሲከፈት አይቶ አስቀድሞ ለአቶ ገብረ መስቀል ልኮላቸው ኖሮ፣ ሰውዬው በደስታ ደወሉ። በጨረቃ ላይ ተራራና ሸለቆ እንዳለ ሲነገር ይሰሙ እንደነበር፣ እንዲህ ጥርት ብሎ ግን አይተውት እንደማያውቁ ነገሩት።

ይትባረክ አመሰገነ። ከዚያም፣ ሌንሱ ትንሽ የተሻለ ቢሆን ኖሮ ሸለቆዎቹ ከዚህም በላይ ይታዩ እንደነበር አስረዳቸው። ሁለት ሌንሶች እያወዳደረ እንደሆነም ጨመረ።